የፊት ፍሬን ሸራው ላይ የታሰረው ካርቶን

መሸኛም ቢሆን ጥፋተኛውን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፤ ራሱ ተሸኚው ጋሽ ጆሮ ነው። ያ፣ ከሴት ልጁ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው። አትሳቁ። ለምን እንደሆነ ስትሰሙ ትፈርዳላችሁ።

መጀመሪያ የመጣ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ዘበኛችን የመኪና ባለቤት መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ወንበር ጠርጎ አስቀመጠው። አለቃችን ከቢሮ ወጥተው፣ «ምን እንታዘዝ ጌታዬ?» ቢሉት፣ «ቱታ ካላችሁ ስጡኝ፤ አዲሱ መካኒክ ነኝ» አላቸው። ዘበኛው እስከ ዛሬ ያንን ወንበር «የጌታዬ ወንበር» ይለዋል። ይኸው ዛሬም እሱ ላይ ነው ያስቀመጠው።

ጆሮ ያልነው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ የሚመጡት ቅንጡ መኪኖች የፍሬን ሸራቸው ሊያልቅ ሲል መብራት ያበራሉ፤ እሱ ግን መብራቱን ይቀድመዋል። የረጅሙን ካቻቪቴ አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ «እሽሽ!» ካለ ግቢው ጸጥ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ «መኪናዬ እንደ ድመት ታለቅሳለች» ብላ መጣች። ሦስት መካኒኮች ቺንጋው ነው፣ የለም የእግሯ መጋጠሚያ ቡሽ ነው ሲባባሉ፣ እሱ ከኋላ ወንበር ሥር የልጅ አሻንጉሊት ይዞ ወጣ። «እመቤቴ፣ የዚችን ባትሪ ይቀይሩላት» አላት። እናንተን ወጣት መካኒኮቹን ግን በቀልድ ብቻ አላለፋችሁም። «የሚጮኸውን ሸራ አትፍሩ፤ ሳይጮኽ የሚያልቀውን ፍሩ» ይላችሁ ነበር።

እኔ ደግሞ እትዬ መስኮት ነኝ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ሆኜ «አሮጌውን ሳታሳዩኝ አዲስ የለም» እያልኩ አንጀታችሁን ያቃጠልኩት። እሱ ብቻ ተጨቃጭቆኝ አያውቅም። ያለቀውን ዕቃ ይዞ ይመጣና መስኮቱን ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋል። ዕቃው ላይ በሽቦ የታሰረ ካርቶን አለ፤ የዕቃው ስም፣ ያለቀበት ምክንያት። እኔ ካርቶኑን ከዓይኔ አራቅ አድርጌ አየውና ራሴን ነቅነቅ አድርጌ «እሺ፣ ገባኝ» እላለሁ። አሮጌው ወደ ቁርጥራጭ ብረቱ ክምር፣ አዲሱ ወደ እሱ።

ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። ዛሬ ነው ከአፌ የወጣው። ሳጥኑን በቀለሙ፣ ሸራውን በአውራ ጣቴ፣ ካንዴላውን በርዝመቱ ነበር የማውቀው። አባቴ ፊደል ያስቆጠረው ወንድሞቼን ብቻ ነው፤ እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ሳጥኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ሲመጣ ጨነቀኝና በአርባ አምስት ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ገባሁ። ስትጠይቁኝ «ለቅሶ አለብኝ» እላችሁ ነበር። ስንት ዘመድ ገደልኩ!

ባለፈው ወር መደርደሪያው ሲነሳ ከጀርባው፣ ወደ ክምሩ ሳይደርስ የቀረ አንድ ያለቀ ሸራ ወደቀ። ካርቶኑ አልተበጠሰም፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ይኸው። ላንብብላችሁ፤ ቀስ ስለምል ታገሡኝ።

«የፊት ፍሬን ሸራ፣ የግራ። ምክንያት፦ ዕድሜ። የምነግርሽ ነገር ነበረኝ፤ መስኮቱ ላይ ስደርስ አፌ ይታሰራል። ፈቃድሽ ከሆነ ቅዳሜ ከሥራ በኋላ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።»

እኔም «እሺ፣ ገባኝ» ብያለሁ!

ቅዳሜውን አልረሳሁትም። ባሌ ጥሎኝ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እሱ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«አውቶቡስ ነው የምትጠብቀው?» አልኩት።

«አዎ… አውቶቡስ ነው» አለ።

«እዚህ አይቆምም እኮ! ታች ነው» ብዬ መንገድ አሳይቼው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱ ላይ «አልቋል» ብቻ መጻፍ ጀመረ። ማንበብ ስችል ያገኘሁት ይህንኑ ነው። «ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነው» እል ነበር፣ ሞኟ።

አንቺ ልጄ፣ አትቀየሚኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በኋላ ካገባት ወዲህ የእሱን ምሳ ስትልክ ለእኔም ትቋጥር ነበር። እሷ የነበራትን አልመኝም። የምናፍቀው ያንን አንድ ቅዳሜ ነው። ምናልባት እምቢ እለው ነበር፤ ያኔም ጎምዛዛ ነበርኩ። ግን እምቢታውም የራሴ ይሆን ነበር።

ለዚህ ነው ጥፋተኛው አንተ ነህ ያልኩህ። የብረት ሹክሹክታ የምትሰማ ሰው የእኔ «እሺ» ባዶ መሆኑን እንዴት አልሰማህም? ደግሞስ፣ አፍ እያለህ በካርቶን!

አመሰግንሃለሁ። ንቃኛለች ብለህ ሃያ ስድስት ዓመት ስትኖር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣህም። ጽሑፉ አጠረ እንጂ ኳ ኳው አልቀረም። ሰኞ ልጅህ ወደ ቤቷ ትወስድሃለች። ማክሰኞ መስኮቴን ማን ሁለቴ ብቻ ይመታዋል? እነዚህ እንደሆኑ በቡጢ ነው የሚደበድቡት።

እንካ፣ አሮጌው ዛሬ ወደ አንተ ይመለስ። ከካርቶኑ ጀርባ በጎባጣ ፊደሌ መልሴን ጽፌልሃለሁ፦ «ምክንያት፦ ማንበብ አልችልም ነበር። ንቄህ አልነበረም።»

በሉ ብርጭቆ አንሱ! ጉልበትህ ቡሽ አይፈልግ፤ ጆሮህ የልጅ ልጅ ሳቅ ይጥገብ፤ የምትጠብቀው ሁሉ በቆምክበት ይቁምልህ። ለጋሽ ጆሮ!

እኔም ከዛሬ ወዲያ ሳይገባኝ «እሺ፣ ገባኝ» አልልም።