ያለቀው ቀሚስ

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ መምህርቷ የአጎቷን የልብስ ስፌት ቤት አልፋ ትሄድ ነበር። ዶፉ ድንገት ሲወርድባት ግን ቦርሳዋን በጉያዋ ወሽቃ ዘው ብላ ገባች። አጎቷ መስተዋት ፊት ቆመው ኮሌታቸውን ያስተካክሉ ነበር። በሰፈሩ የታወቁ ልብስ ሰፊ፣ በቤተ ክርስቲያንም የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። የእህታቸውን ልጅ ሲያዩ ግን ሰርቆ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ።

«እትዬ የት ሄዱ ጋሼ?» አለች፣ የሚስታቸው ወንበር ባዶ መሆኑን አይታ። ቁልፍ የሚተክሉት፣ ጠርዝ የሚዘመዝሙት ሚስታቸው ናቸው፤ ከዚያ ወንበር ጠፍተው አያውቁም።

«ዛሬ ቤት እረፊ ብያት ነው። ወገቧን አሟታል።»

«ጠዋት መንገድ ላይ አግኝቻቸው ነበር እኮ፤ ደህና ናቸው።»

ልብስ ሰፊው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ሜትር ነካኩ። መምህርቷ መስቀያው ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀሚስ አየች። ባለፈው ስትመጣም እዚያው ነበር፤ ከዚያም በፊት። ያሰፋችው ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ ደንበኛ ናት። በዚህ ቤት ደግሞ ደንብ አለ፤ ልብስ አንዴ ይለካል፣ አንዴ ይሞከራል፣ ይወሰዳል። ሁለቴ የሚያስሞክር ሰፊ ዓይኑን ይታከም እያሉ የሚቀልዱት ራሳቸው ናቸው።

«ይህ ቀሚስ እስካሁን አላለቀም?»

«ወገቡ አስቸግሮኝ ነው። ዛሬ መጥታ ትሞክረዋለች።»

«ደግሞ?»

«አንቺ ልጅ፣ ነገርሽ አላማረኝም» አሉ ቆጣ ብለው። «ክፉ አስቤ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ፈተና የጎረምሳ ነው። እኔ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅሁ፣ ጠዋት ማታ የምጸልይ ሰው…»

«ስለሚጸልዩ እኮ ነው የምናገረው። ጋሼ፣ ጌታ ሊያዝ ሲል በዚያች የጭንቅ ሰዓት ተኝተው ያገኛቸው ጠላቶቹን አልነበረም። ጠላቶቹማ ነቅተው ችቦ ይዘው ይመጡ ነበር። የተኙት ወዳጆቹ ናቸው።»

«ደክሟቸው ነዋ።»

«እርስዎም ደክሞዎት ይሆናል። መድከም ኃጢአት አይደለም። አልደከመኝም ብሎ ዘበኛን ማሰናበት ግን አደጋ አለው» አለች፣ ወደ ባዶው ወንበር እያየች።

«ምን አደረግሁ? እጇን አልነካሁ፣ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣ!»

«አላደረጉም። ካደረጉ በኋላ ብመጣማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ይልቅ ቀሚሱን ይለኩልኝ።»

ሊያሳፍሯት ቀሚሱን አውርደው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ሰው ራሱን ሲዋሽ እጁን ማስጠንቀቅ ይረሳል። ወገቡ ላይ የመርፌ ቀዳዳዎች በመስመር በመስመር ይታያሉ፤ ጠበብ ተደርጎ ተሰፍቷል፣ ተፈቷል፣ ላላ ተደርጎ ተሰፍቷል፣ ደግሞ ተፈቷል። ሜትሩን አሳረፉበት። የመጨረሻው ስፌት ያረፈው መጀመሪያ በለኩት ልክ ላይ ነው። ደንበኛዋ ጠበበኝ ብላ አታውቅም፤ ሰፋኝም አላለች። ቀሚሱ ካለቀ ቆይቷል።

ልብስ ሰፊው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። አፈሩ። ከልጅቷ ይልቅ ያን ባዶ ወንበር አፈሩት።

«እንድትመጣ ብዬ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስትስቅ ደስ ይለኛል። ሌላ ምንም አልፈለግሁም ነበር… ዛሬ ግን ሚስቴን ሰበብ ፈጥሬ አስቀረኋት።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለደግ ነገር ብቻ አይደለም ጋሼ። ክፉም በእግሩ እስኪሄድ ድረስ ድምፅ የለውም። መንቃት ማለት ሌላውን ሳይሆን ራስን መጠርጠር ነው። ራሱን የማይጠረጥር ሰው ከፈተና አውጣኝ ብሎ ቢጸልይ ከልቡ አይሆንም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ልጄ?»

«እትዬን ይጥሯቸው።»

ስልካቸውን አነሱ።

«ነይልኝ» አሉ።

«ምን ሆንክ?»

«ፈራሁ።»

መምህርቷ ዝናቡ ሳያባራ ተሰናብታ ወጣች። ሚስታቸውም ዝናቡን ሳይፈሩ መጡ። ደንበኛዋ ስትደርስ ቀሚሱን ያስሞከሯት ሚስታቸው ናቸው፤ ልክክ አለላት፣ የሆነውን ሁሉ ሳታውቅ አመስግና ይዛው ሄደች። ከዚያ ልብስ ሰፊው በሩን ገርበብ አድርገው አንድም ሳይደብቁ ለሚስታቸው ተናገሩ።

አንባቢ ሆይ፣ እኒህ ሰው ያን ቀን ምን እንዳተረፉ አስብ። ነገ የተጣላ ሲያስታርቁ የሚናገሩበት አፍ ተረፈላቸው፤ ልጆቻቸውን ቀና ብለው የሚያዩበት ዓይን ተረፈላቸው። ጸሎታቸውም ከልማድ ወጥቶ ልመና ሆነ። ይህ ሁሉ የመጣው አልወድቅም ማለትን ትተው ፈራሁ ስላሉ ነው።

ሚስታቸው ግን ሁሉን ከሰሙ በኋላ መርፌ አንስተው ክር ሊያስገቡ ሞከሩ፤ እንባቸው ከለከላቸው።

«ስትፈራ የጠራኸኝ ደግ አደረግህ» አሉ በመጨረሻ። «ወድቀህ ብትጠራኝም እመጣ ይሆናል። ግን እግሬ እሺ ይለኝ እንደሆነ እንጃ።»