ወጌሻው ጓዴና የቁራው ክንፍ

ነሐሴ ሲጋመስ ቢቸናን ጉም ይውጣታል። ከዓባይ በረሃ ይነሣና ቀስ እያለ የድኻውንም የጌታውንም ቤት ሳያዳላ ይሸፍናል፤ ሰው የገዛ ጫማውን ማየት ይሳነዋል። እንዲህ ባለ ማለዳ ነው አቶ ጓዴ ከኪዳን ሲመለሱ ዋንዛው ሥር አንድ ጥቁር ነገር ሲንፈራገጥ ያዩት። ጠጋ ቢሉ ቁራ ኖሯል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ቁራ፤ አንድ ክንፉ ተሰብሮ መሬት ይጎትታል።

ጓዴ ወጌሻ ናቸው። ሞጣም ሆነ አምበር ሰው ከበቅሎ ከወደቀ “ጓዴን ጥሩ!” ነው የሚባለው። አባታቸው ወጌሻ፣ አያታቸው ወጌሻ፤ ስብራት አይተው ማለፍ ከቶ አይሆንላቸውም። ቁራውን በነጠላቸው ጠቅልለው ሲያቅፉት ልቡ መዳፋቸው ላይ ድው ድው አለ። ጉሙ ዙሪያውን ስለ ዘጋው፣ በዓለም ላይ እርሳቸውና ቁራው ብቻ የቀሩ መሰላቸው።

“ምን ይዘው ነው አባቴ?” አለ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ። ሙሉዬ ነበረች፤ ጎንደር ተምራ በቢቸና ጤና ጣቢያ የተመደበች ነርስ።

“እንደምን አደርሽ ልጄ። ቁራ ነው።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ታዲያ ጎረቤት ቢያይዎት ሟርት ቤቱ አስገባ አይልዎትም?”

“የፈለገውን ይበል! ኖኅን ከድቶ ቀረ እያሉ ስሙን ያጠፉታል እንጂ፣ ኤልያስን በረሃ ለበረሃ የመገበው ማን ሆነና? የቁራ ውለታ አለብን።”

ሙሉዬ ስቃ ቦርሳዋን ከፈተች። የተሰበረውን ክንፍ እንደ ተፈጥሮው አጥፋ፣ በለስላሳ ሻሽ ከገላው ጋር አሰረችው። ከዚያም ጣቷን በሻሹና በላባው መካከል አስገብታ አሳየቻቸው።

“ያዩታል? ጣት ማስገባት አለበት። ትንፋሽም ደምም መንገድ ይፈልጋል።”

ጓዴ ከት ብለው ሳቁ። “ይኼማ ማልበስ እንጂ ማሰር አይደለም! አጥንት ካልጠበቀ አይገጥምም ልጄ። አባቴ ሲያስር ቋጠሮው ጥርስ ያፋጭ ነበር።”

“ስብራት ያብጣል አባቴ። እብጠቱ ሲመጣ ማሰሪያው አብሮት አይሰፋም። ደም መሄጃ ሲያጣ ሥጋው ይሞታል። ጎንደር ሳለሁ ጠብቆ ታስሮ የጠቆረ እጅ ሲቆረጥ አይቻለሁ።”

“አሳሪው ሙያውን የማያውቅ ቢሆን ነዋ!”

“አይደለም። ስብራት መግጠምስ ከእኛም ይበልጥ ነበር። ካሰረ በኋላ ተመልሶ ጣት አልዳሰሰም፤ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው።”

ነገሩ ጓዴን ቆጠቆጣቸው። ስድሳ ዘመን ያደረ ሙያ በአንዲት ቀሚስ ለባሽ ልጅ ሲመከር ማን ይወዳል? “ትናንት ጠዋት ጭቃ አንሸራቷት የባለቤቴ የወለተ ገብርኤል የእጅ አንጓ ተሰበረ” አሉ ደረታቸውን ነፍተው። “በቀርቀሃ ስንጥር፣ በአባቴ ቋጠሮ አሰርኋት። እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ቢያማት ዝም ትል ነበር?”

የሙሉዬ ፊት ተለወጠ። “እባክዎ አባቴ፣ አሁኑኑ ልያት።”

“ስጠራሽ ትመጫለሽ” ብለው ቁራቸውን አቅፈው ጉሙ ውስጥ ገቡ። አይ ኩራት! ስንቱን ደግ ሰው ነው ዓይኑን የምትሸፍነው።

ቤት ሲደርሱ ወለተ ገብርኤል እጇን ጋቢዋ ውስጥ ሸሽጋ ከመደቡ ላይ ተቀምጣለች። “ደህና ነሽ?” ቢሏት “ምን እሆናለሁ” አለች። ጓዴ የሙሉዬን ሻሽ ፈትተው ጣሉና ቁራውን በስንጥር፣ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። “እንዲህ ነው ማሰር!” አሉና ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡት።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሣር ክዳኑ ላይ ሲያንሾካሹክ ሸለብ አደረጋቸው። በሕልማቸው ጉም ላይ ይራመዳሉ። ቁራዎች ዙሪያቸውን ይበርራሉ፤ አንዱም አይጮኽም። “ምነው ዝም አላችሁ?” ሊሉ አፋቸውን ቢከፍቱ የእርሳቸውም ድምፅ አልወጣ አለ። ደንግጠው ነቁ።

ቅርጫቱን ቢያዩ ቁራው አፉን ከፍቶ ያለከልካል። የክንፉን ጫፍ ዳሰሱት፤ ቀዝቅዟል። ቋጠሮውን በቢላዋ በጠሱት። ቁራው ደረቱን ነፍቶ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ጓዴ ግን ቢላዋውን እንደ ያዙ ወደ መደቡ ሮጡ።

“እጅሽን አሳይኝ!”

“ተዉኝ፣ ደህና ነኝ።”

ጋቢውን ገለጡት። ጣቶቿ አብጠው ጠቁረዋል፤ ሲነኳቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛሉ።

“አላመመሽም?”

“እንዴት አያመኝ! ሌሊቱን ነጠላዬን ነክሼ ነው ያደርሁ።”

“ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?”

“የወጌሻ ጓዴ ሚስት በባሏ ቋጠሮ ጮኸች ቢባል፣ ማን ደጅዎን ይረግጣል?”

ጓዴ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ቋጠሮውን በጠሱ፤ ሚስታቸውን በቅሎ ላይ አስቀምጠው በዝናብ ጤና ጣቢያው ደረሱ። “ልጄ፣ አላዋቂ ነኝ፤ እጇን አድኚልኝ” አሉ።

“አላዋቂስ አይደሉም” አለች ሙሉዬ፣ የታመመውን እጅ ከፍ አድርጋ በድጋፍ እያስቀመጠች። “የገጠሙት አጥንት ቀጥ ብሏል፤ እኔ አልነካውም። የሚጎድለው ይኼ ነው፦ ካሰሩ በኋላ ጣቱን ይዳስሱ። ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ ያላሉና ወደኛ ይላኩ። እርስዎ ይገጥማሉ፣ እኛ እንጠብቃለን፤ የታመመው በሁለት እጁ አርሶ ይበላል።”

ከዚያ ወዲያ ጓዴ ሌላ ሰው ሆኑ። አጥብቆ የማሰር ልማዳቸውን እንደ ተዉ በአደባባይ ይናገሩ ጀመር፤ ለታሰረ ሁሉ “ካመመህ ጩኽ፣ ዝም ያልህ እንደ ሆነ ጠላቴ ነህ!” ይሉታል። ድሮ እጁ ወይም እግሩ ደርቆ ለልመና ይወጣ የነበረው፣ አሁን በጊዜ ታይቶ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ቁራውም በላላ ሻሽ ድኖ፣ ትንሽ ጋደል እያለ ወደ ዓባይ በረረ። ሙሉዬ እንዳለችው ሟርት ነው ብለው የነበሩት ጎረቤቶች ቆመው አዩት።

የወለተ ገብርኤል ጣቶች ግን አንድ በአንድ ሲነቁ ትንሿ ጣት ደንዝዛ ቀረች። ጓዴ በየማለዳው ያችን ጣት ይዳስሱ ጀመር። መስከረም ጠብቶ ጉሙ በተገፈፈ በአንድ ጠዋት፣ ሙሉዬ ያችኑ ጣት በመርፌ ጫፍ ጠቅ አደረገቻት።

“ይሰማዎታል እማማ?”

ወለተ ገብርኤል ባሏን አየች፤ እንደ ልማዷ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ተወችው።

“ኧረ አመመኝ!” ብላ ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

“እሰይ!” አሉ ጓዴ፣ ተነሥተው ባርኔጣቸውን እያወለቁ። “እሰይ፣ ጩኺ!”