የአው ዑመር ጭብጥ ፌጦ

እንደሻው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ወጣት ነበረ። በመድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ዱቄት ሲመዝን ያረፍድና ምሳ ሰዓት ሲደርስ እግሩ በሐረር ጀጎል ጠባብ መንገዶች ይዞት ይጠፋል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲባዝን፣ ኤረር በር አጠገብ ፌጦና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ አው ዑመር፣ ዕቃቸውን በጥድፊያ ሲሰበስቡ አገኛቸው።

«ምነው በደኅና፣ አው ዑመር? በቀትር ገበያ ይፈታል?»

«የልጄ ልጅ ለይላ ሳል ይዟታል። ትናንት አንድ ጭብጥ ፌጦ አስወቅጬ በማር ሰጠኋት፤ ስታስመልስ አደረች። በሽታው እየለቀቀ ነው፤ አሁን ሁለተኛውን ልሰጣት ነው።»

«ለአራት ዓመት ልጅ አንድ ጭብጥ! እባክዎን ይቅርብዎ።»

«እናንተ አስኳላ የገባችሁ የአገር መድኃኒት ሁሉ ተረት ይመስላችኋል።»

«ተረት ቢሆንማ ባልፈራሁ! ኃይል ስላለው ነው የምፈራው። ቻይኖች እንኳ የፌጦ ዘመድ የሆነ ፍሬ ለሳልና ለአክታ ይሰጣሉ ይላል ያነበብኩት መጽሐፍ፤ ግን መዝነው ነው። የሚያሽረውም ሆድ የሚያቃጥለውም ያው ኃይሉ ነው፤ የሚለየው መጠኑ ነው።»

«ቻይና ደግሞ መጣችብኝ!» ብለው ሳቁ። «ሚዛን ለቡና ነው፣ ልጄ። መድኃኒት ሲመዘን በረካው ይሄዳል። ይህ የአባቴ ጭብጥ ነው፤ ወላሂ፣ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩበትም።»

ይህን እያሉ ወደ ቤታቸው ገሠገሡ። እንደሻውም ሥራውን ረስቶ ተከተላቸው። ለይላ መደቡ ላይ ተጋድማ ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ይወድቃል። ሽማግሌው እጃቸውን ከስልቻው ከትተው ጭብጡን ሲያወጡ፣ እንደሻው በትንሿ ጣታቸው ላይ የብር ቀለበት አየ።

«ቀለበቱ የማን ነው?»

«የአባቴ፣ አላህ ይማራቸው።»

«እሳቸው በየትኛው ጣታቸው ያደርጉት ነበር?»

«በመሐል ጣታቸው...» አሉና የገዛ ጣታቸውን አዩ። እጃቸው ከነፌጦው አየር ላይ ቀረ።

አባታቸው ቀጭን፣ እጃቸው እንደ ሴት እጅ ያነሰ ሰው ነበሩ። አው ዑመር ግን በወጣትነታቸው ድንጋይ ፈልጠው እጃቸው ሰፍቷል፤ የእሳቸው አንድ ጭብጥ የአባታቸው ሁለት ነው። ከአባቱ ልማድ የወረሰ ሰው፣ ልኩንም አብሮ የወረሰ ይመስለዋል።

«ክርክራችሁ ይቆየን!» ብላ ጮኸች የልጅቱ እናት መርየም። «ልጄ ትንፋሽ አጠራት እኮ!»

ሽማግሌው ፌጦውን ወደ ስልቻው መለሱት። «እቀፊያት። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ብሎ መርፌ ወጋት፤ ሆዷን አቃጥሎ ያስመለሳት ግን ፌጦው መሆኑን ነገራቸው። ለይላ በአሥረኛው ቀን ደጅ ወጥታ ተጫወተች።

ከዚያ ወዲህ አው ዑመር ፌጦ የሚሸጡት በሻይ ማንኪያ እየሰፈሩ ነው። ገዢው የወሰደውን ልክ ያውቃል፤ ትንፋሹ የሚቸኩል ሕፃን ያለውን ሳይሸጡ ስለሚመልሱት፣ ሕፃኑ ጊዜ ሳይባክን ሐኪም ዘንድ ይደርሳል፤ ፌጦም ያለ ጥፋቱ ስሙ አይጠፋም።

አንድ ቀን ሽማግሌው እንደሻውን አስቆሙት።

«ሠላሳ ዓመት በዚህ እጄ ሰጥቻለሁ። ከለይላ በፊት የነበሩትስ ልጆች?»

አው ዑመር መልሱን ሳይጠብቁ፣ ከፈረስ መጋላ ገበያ የገዟቸውን ደርዘን ማንኪያዎች ይዘው፣ እነሱም በማንኪያ እንዲሰፍሩ ወደ ሌሎቹ የአገር መድኃኒት ሻጮች በየተራ ይዞሩ ጀመር።