ሲጠራጠር ዝም የሚለው የኢንጂነር ሱራፌል ፈለቀ መሣሪያ

ኢንጂነር ሱራፌል ፈለቀ፣ በሽመና ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ከሟች አባታቸው ከአቶ ፈለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሰርኬ በ1973 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ተወለዱ። እዚያው ሰፈር ተምረው፣ ከዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቀው፣ አዲሱ ገበያ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል የሱፐርማርኬት ባርኮድ ማንበቢያ ሲጠግኑ ቆይተው፣ በመጨረሻ መዳፍ ውስጥ የምትገባ የራሳቸውን ማንበቢያ ለሆስፒታል ሠሩ። ዘመድ ግን እስከ ዛሬ ሬዲዮ ሠሪ ይላቸዋል፤ ይበል። በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ አይዳ ገለታ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ቤዛዊትንና ኢዩን ወለዱ።

መሣሪያው ገና በሙከራ ላይ ሳለ የሆነው ነገር ዕድሜያቸውን ሙሉ አስፈራቸው። እኛ በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ ከጸበል ያመጣነውን እምነት ግንባር ላይ ብቻ ቀብተን አንመለስም፤ እጅ ነው እግር ነው ሳንል እንለቀልቃለን። እንዲሁ አንዲት እናት የልጃቸውን ክንድ ሲቀቡ፣ እምነቱ እጁ አንጓ ላይ የታሰረውን የባርኮድ መለያ ጫፍ ሸፈነው፤ መሣሪያውም የተረፉትን መስመሮች ሙሉ ቁጥር ናቸው ብሎ የሌላ ሰው ስም አወጣ። ነርሷ ስሙን ጠይቃ ባትደርስበት ኖሮ የሌላ ሰው መድኃኒት ሊወጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከመስመሮቹ ግራና ቀኝ ያለውን ነጭ ቦታ ካላየ እንዳያነብ፣ ከተጠራጠረም ዝም እንዲል አድርገው እንደ አዲስ ቢሠሩትም፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሰው የሞተ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር። ሸሪካቸው አቶ ዓለሜ፣ ዝም የሚል ዕቃ ማን ይገዛል እያሉ ቢያፌዙም ከሐሳባቸው አልተመለሱም።

አምና በደም ካንሰር ታመው ሲተኙ፣ ደም ሊሰጣቸው በተዘጋጀበት ሰዓት እናታቸው እምነት ቀብተዋቸው ነበርና ያው መሣሪያ ዝም አለ። ዘመድ አዝማዱ፣ ሰውየው እየሞተ ማሽን ይጠበቃል ወይ፣ በእጃችሁ ጻፉትና ስጡት ብሎ ነርሶቹን አዋከበ። እሳቸው ግን በተዳከመ ድምፅ፣ «ተዉት፤ ዝም ያለው ፈርቶልኝ ነው፤ እናንተም ፍሩልኝ» አሉ።

አዲስ መለያ ታትሞ ከደሙ ከረጢት ቁጥር ጋር ሲነበብ፣ ሊሰቀልላቸው የነበረው ደም ለአጠገባቸው ታማሚ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ሲንጫጫ የነበረ ዘመድ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የሚስማማቸው ደም ተሰጥቷቸው ጥቂት ወራት ቢያገኙም፣ መሣሪያው ባልደረሰባቸው ክፍሎች የተኙትን እያሰቡ ፍርሃታቸው ባሰ፤ እንደፈሩም ትናንት ንጋት ላይ በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸውን ወይዘሮ ሰርኬን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አይዳን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ይህን የምታነበዋን እህታቸውን ውባለምንና ስማቸውን እንኳ ሳያውቁ ይፈሩላቸው የነበሩትን ብዙ በሽተኞች ትተው ሄደዋል። እያንዳንዳችንን ያለ ምልክት በስማችን የሚያውቀን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ፍርሃታቸውን ያውርሰን። አሜን።