አሥራ ሁለቱ የቁርጥራጭ ቦርሳዎች

ቀጥ ብለሽ ቁሚልኝ እስቲ፣ የኔ እህት። ጫማሽን አድርገሻል? ነገ የምታደርጊውን ማለቴ ነው፤ በባዶ እግርሽ ለክቼ ባሳጥረው ነገ ጉርዱ አጥሮብሽ ይታይና እኔን ነው የምትረግሚኝ። እንደሱ። እጅሽን ወደታች ልቀቂው። ትንፋሽሽን ደግሞ አትያዥ፣ ወፍረሽ ከሆነም ወፍረሻል፣ ሜትሩ እንደሆነ አይዋሽም። ቀልዴን ነው። ትንሽ ነው የጨመርሽው፣ ደሞ ያምርብሻል፤ ባንክ ቤት ሙሉ ቀን ተቀምጦ የማይጨምር ማን አለ? አሁን ስፒል ልሰካካበት ስለሆነ አትንቀሳቀሺ፣ አታውሪም። ወሬውን እኔ አወራልሻለሁ።

ስለ ኮቱ አታስቢ፣ ዛሬ ያልቃል። ያው እትዬ እዚያ ማሽኑ ላይ ገበሩን እየሰፉልሽ ነው። አላስተዋወቅኳችሁም መሰለኝ። የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፣ ሱቁንም አብረን ነው የምንሠራው፤ ይኸው አሥራ ሰባት ዓመታችን፣ በሁለት ማሽንና በአንድ መስታወት። እጀ ወርቅ ናቸው። የሰፉትን ገልብጠሽ ብታዪው ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ያምራል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ሦስቴ ወደኋላ ይመልሱታል፤ ልብሱ ያልቃል እንጂ የሳቸው ስፌት አይተረተርም። በዚህ ከተማ እንደሳቸው አድርጎ የሚጨርስ ሌላ ሰው አላየሁም... አላየሁም ነበር ልበል።

ለመሆኑ ነገ ዳኛ ነሽ አሉ? ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተቀምጣችሁ የልጆቹን የንግድ ሐሳብ ስትሰሙ የዋላችሁት ሦስታችሁ ናችሁ አይደል፣ ነገም የምትቀመጡት? እንዴት አልሰማም፣ የኔዋም እኮ ተወዳድራ ነበር። ያቺ ባለትሏ። የወጥ ቤት ትርፍራፊ ለትል እያበላሁ ማዳበሪያ አመርታለሁ ያለችው። አትሳቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሳጥን ትል ወጥ ቤቴ ውስጥ አስቀምጬ ነው የኖርኩት። የሽንኩርት ልጣጭ መጣል ተከልክሎ፣ ባሌ ሙዝ በበላ ቁጥር ልጣጩን እንዲያስረክብ ታዝዞ። መድረክ ላይ ክዳኑን ስትከፍተው ደግሞ አንዱ ትል አምልጦ ወደ ወረቀትሽ ሲመጣ ወንበር ላይ ወጣሽ ይላሉ... የሰው ወሬ ነው፣ እኔ አላመንኩም። ብቻ ልጄ ወደቀች። ሁለት ቀን አልቅሳ ወጣላት። ምን ይደረጋል፣ ትሉም የራሷ ነበር፣ ንግግሩም የራሷ ነበር፣ መውደቁም የራሷ ሆነ።

አንደኛ የወጣችው ልጅ ግን... እሷስ ይገባታል። ልብስ ሰፊ የሚጥለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየሰበሰቡ የገበያ ቦርሳ መስፋት፣ ፌስታል የሚባለውን ነገር ከቤታችን ማስወጣት። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለትልቅ ሰውም አይመጣ። አነጋገሯስ ብትዪ? «አንድ ክር እንኳን ወደ ቆሻሻ አይሄድም» ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም የትል ሳጥን ታቅፌ ከኋላ ቆሜ አጨበጨብኩ፣ ውሸት ምን ያደርግልኛል። አሥራ ሁለት ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ቀይ ከሰማያዊ፣ ሰማያዊ ከቢጫ፣ ሁሉም አራት ማዕዘን፣ ሁሉም እኩል። እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። ከመቀሴ ስር የሚወድቀው ቁርጥራጭ አንዱ ሾሎ፣ አንዱ እንደ ጅራት ቀጥኖ፣ አንዱ የብብት ቅርጽ ይዞ ነው የሚወድቀው። አራት ማዕዘን ሆኖ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም። የአንዳንድ ሰው መቀስ የተባረከ ነው።

እስቲ ዙሪ። በቀስታ... እዚያ ላይ ቁሚ።

እና ምን ልልሽ ነበር፣ አንዲት እናት አለች አሉ። ማን ናት እንዳትዪኝ፣ ስም መጥራት አልወድም። ይህቺ እናት ልጇ ቦርሳ ልሥራ ስትላት የቁርጥራጩን ጆንያ መሬት ላይ ገለበጠችው። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ግራጫ። የተማሪ ዩኒፎርም ግራጫ፣ የእናንተ የባንክ ቤቶቹ ኮት ጥቁር፣ ከስሩ ደግሞ ሌላ ግራጫ። የልብስ ሰፊ ጆንያ ከዚህ ሌላ ምን ይወጣዋል? ታዲያ ለግራጫ ቦርሳ ማን ያጨበጭባል? እናትየዋ ብልህ ናት። ጨርቅ ቤት ሄደች፣ ከቀዩም ከቢጫውም ከሰማያዊውም ከጣቃው አስለክታ አዲስ ጨርቅ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ መቀሷን አነሳችና... ቁርጥራጭ አደረገችው።

በሳቅ አትንቀጥቀጪ በሞቴ፣ ጫፉ ይጣመማል። እኔ ስሰማው አልሳቅኩም፣ እንዲያውም አደነቅኳት። ቆሻሻ እንዳይበዛ ብሎ አዲስ ጨርቅ መቆራረጥ ለማን ይመጣለታል? እኔ ብሆን ኖሮ አንድ ኩንታል ሽንኩርት ገዝቼ ልጣጩን ብቻ ለትሎቹ እሰጥ ነበር። አልመጣልኝም። ሰነፍ እናት ነኝ።

ቦርሳዎቹ ወደ አዳራሹ እንዴት እንደመጡ ደግሞ አይተሻል? አንቺ ገና አልደረስሽም ነበር። እኔ ትሌን ይዤ በጠዋት ነው የሄድኩት። ልጅቷ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዛ ገባች፤ ከፈተችው፤ አሥራ ሁለቱም ቦርሳ እያንዳንዱ ለብቻው በአዲስ ፌስታል ተጠቅልሏል። እንዳይቆሽሽ ነው። ልብስ ሰፊ እኮ ከሱቁ ምንም ነገር ያለ ፌስታል አያወጣም፣ ልማድ ነው፣ እጃችን ራሱ ነው የሚጠቀልለው። ልጅቷ ፌስታሎቹን አንድ በአንድ ገልጣ፣ አጣጥፋ፣ ወንበሩ ስር ደበቀቻቸው። ከዚያ መድረክ ላይ ወጥታ ስለ ፌስታል ጉዳት ተናገረች። ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር፤ ሰው የመድረክ ፍርሃት ነው አለ።

እትዬ፣ ምነው ማሽኑ ዝም አለ? ክር ተበጠሰ እንዴ? ይረጋጉ፣ መነጽርዎ መስኮቱ ጋ ነው። አየሽ፣ ሰሞኑን ዓይናቸው ደክሟል፤ እንቅልፍ አጥተው ነው የከረሙት። ሥራ በዝቶባቸው ነው። ምን ሥራ እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝ፤ ሰሞኑን ከያዝነው ሥራ የኔ ድርሻ ያንቺ ጉርድ፣ የሳቸው ድርሻ ያንቺ ኮት ብቻ ነው።

አንቺ ደግሞ ወደዚያ ምን ያሳይሻል? መስታወቱን ተመልከቺ፣ የሚለካው አንቺ ላይ ነው።

ስፌቱንማ ተይኝ። ዳኞቹ ለምክክር ስትወጡ ጠጋ ብዬ አንዱን ቦርሳ ገለበጥኩት። የሙያ ነገር ሆኖብኝ ነው፣ ሌላ ሐሳብ የለኝም። አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ የሰፋችው ነገር ጀርባው ከፊቱ ያምራል። ጫፉን አየሁት... ሦስቴ ተመልሷል። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ እዚህ ማሽን ላይ ተቀምጬ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ያውም አሁንም ሁለቴ መልሼ ነው የምቆርጠው። የዘንድሮ ልጆች እንዴት ፈጣን ናቸው፣ አይደል? በሁለት ሳምንት። ያውም የሒሳብ ፈተና እያለባት።

ደህና። ይኼኛውን ጎን ጨረስኩ፣ ትንሽ ታገሺኝ። ትናንት ታዲያ ከትምህርት ቤቱ ወረቀት መጣ አሉ፣ አንቺም ፈርመሽበታል። ለነገው የደረሱት አምስት ልጆች ያቀረቡትን ነገር ዳኞች ፊት በገዛ እጃቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርተው ያሳዩ፤ ያላሳየ ለከተማው ውድድር አያልፍም። ማሽን ለሚያስፈልገው ማሽን መድረኩ ላይ ይዘጋጃል። የማናችሁ ሐሳብ ነው? ያንቺ ነው እንዴ? እጅሽን ይባርከው። ወላጆች ሁሉ ደስ ብሏቸዋል። አንዳንዷማ ደስታው በዝቶባት ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ይባላል።

አሁን የምነግርሽን ግን በቀልድ አልነግርሽም። ትናንት ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ እትዬ ለኮትሽ ቁልፍ ሊገዙ ወጥተው ነበር። አንዲት ልጅ ገባች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ የደብተር ቦርሳዋን እንዳነገተች፣ መጥታ ማሽኑ አጠገብ ቆመች። አትቀመጥም፣ አትሄድም። ምነው ልጄ፣ አልኳት። ቆየች፣ ቆየችና፣

«ክሩ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። መጀመሪያ ልስቅ ነበር፣ ፊቷን ሳየው ተውኩት። አስቀመጥኳት። መርገጫውን ገና ነካ ስታደርገው ማሽኑ ዘለለባት፣ እጇን ሰብስባ ጉያዋ ውስጥ ከተተች። አይዞሽ፣ አይበላሽም፣ ቀስ በዪ እያልኩ እንደገና አስነካኋት። አንድ ስንዝር የምታህል ሰፋች። ጠማማ ናት፣ መሃሏ ላይ ክር ቋጥራለች፣ ግን የራሷ ናት። ልጅቷ አየቻትና ፈገግ አለች። አንደኛ ወጣሽ ሲሏት እንኳን እንደዚያ ፈገግ አላለችም፣ ቆሜ አይቻታለሁ። ወዲያው በር ላይ ኮቴ ስትሰማ ብድግ አለች፤ ያቺን ጠማማ ጨርቅ ኪሷ ከታ ወጣች። ሰላም እንኳን ሳትለኝ።

እናቷ አትፈቅድማ። ያቺ የነገርኩሽ እናት። ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማሽን አጠገብ ስትደርስ ሂጂ አጥኚ ትባል ነበር። «የኔ ልጅ መርፌ አትይዝም፤ እስክሪብቶ ነው የምትይዘው» ትላለች እናትየዋ፣ መርፌዋን ይዛ፣ እኛ እየሰማን። ዓመታት ሰማሁት። ከፍቶኝም ያውቃል፣ አልደብቅሽም። እኔ ልጄን በዚህ መርፌ ነው የማስተምረው፣ አላፍርበትም። ግን እናት ናት፤ ልጄ እንደኔ ወገቧ አይጉበጥ፣ ዓይኗ አይጥፋ ብላ ነው፤ ይሄ ይሄ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ሥራው ለልጇ የማይመጥን ከሆነ ልጇን በዚሁ ሥራ ለምን አስጨበጨበችላት? እኔ እንጃ። የተማረ ሰው ያስረዳኝ።

ደሞ ሌላ ነገርም ሰምቻለሁ። ልጅቷ መጀመሪያ ያሰበችው ግራጫውን ነበር አሉ። የዩኒፎርሙን ቁርጥራጭ እንዳለ ሰፍታ፣ ጠማማውን እንደ ጠማማነቱ፣ ለትምህርት ቤቷ ልጆች የእስክሪብቶ መያዣ ልታደርገው። በእጇ በመርፌ አንድ ጀምራም ነበር። አይተሽዋል? አላየሽውም። እንዴት ታዪዋለሽ፣ ለመድረክ አይሆንም ተብሎ ቀረ። ትንሽ ነገር ነበር እኮ። ሦስተኛም አይወጣ ይሆናል። ግን ነገ ሥሪው ስትባል ቁጭ ብላ ትሠራው ነበር።

እኔ ምን አገባኝ። የሰው ልጅ፣ የሰው እናት። እኔ ዛሬ በጊዜ ነው የምገባው፣ ያቺ ባለትሏ ልጄ ሳጥኑን ብቻዋን ማንሳት አልቻለችም፤ አዎ፣ አሁንም አልተወችም፣ ይኸው ለጎረቤት አትክልት ማዳበሪያ እየሰጠች ነው። ስለዚህ የኔ ማሽን ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም። ክር አለው፣ መብራት አለው። ተማሪዎችም ዛሬ በግማሽ ቀን ይለቀቃሉ አሉ። የሱቁ ቁልፍም እትዬ እጅ ነው። እንዲሁ ነው ያነሳሁት፣ ለወሬ።

በይ አውልቂው ቀስ ብለሽ፣ ስፒሉ እንዳይቧጭርሽ። ኮቱም ደረሰ። ይስጡኝ፣ እትዬ። ምነው፣ እጅዎ ቀዝቅዟል እኮ... ይቀመጡ፣ እኔ አለብሳታለሁ። እዪ እስቲ ትከሻው እንዴት እንደተቀመጠልሽ። ነገ አዳራሹ ሁሉ አንቺን ነው የሚያየው። ምነው፣ ልብሱ ጠበበሽ? አይ፣ ወሬዬ ነው የከበደሽ። እርሺው። እኔ ሥራ ላይ ካልቀባጠርኩ እጄ አይሄድም፣ እትዬ ያውቁኛል።

ነገ ያቺን ልጅ እንዳታስቸኩሏት ብቻ፣ አደራ። ጭምት ናት፣ አስተዋይ ናት፣ ማንንም በድላ አታውቅም። እኔም አንደኝነቱን አልመቀኛትም፣ ከልቤ ነው የምመርቃት። ነገ ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ሲያያት፣ ማሽኑ ፊት ብቻዋን ስትቀመጥ፣ ክሩን ስታነሳ... ፈጣሪ የእናቷን እጅ ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ። እትዬ፣ እርስዎም አሜን ይበሉላት።