ለብቻዋ የተዘጋባት ቦኖቦ

መሐንዲስ ነኝና ወደ እንስሳት ማቆያው የሄድኩት የውሃ ፓምፕ ልጠግን ነበር። እግር ጥሎኝ ምግብ ማዘጋጃው ክፍል ብገባ፣ አንጋፋው ጠባቂና የወንድማቸው ልጅ የሆነችው የእንስሳት ሐኪም ሲከራከሩ ደረስኩ። አዲስ የመጣች፣ ቦኖቦ የምትባል የቺምፓንዚ ዘመድ የሆነች ወጣት እንስሳ ለብቻዋ ተዘግቶባት፣ ምግብ አልቀምስ ብላ ከስታ ነበር።

«አጎቴ፣ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቀል። እንዲህ ከቆየች ትሞትብናለች።»

«ከተቀላቀለችማ ዛሬውኑ ትሞታለች!» አሉ ሽማግሌው፣ የያዙትን ሙዝ አስቀምጠው። «ድሮ አንድ እንግዳ ቺምፓንዚ ከመንጋ ቀላቅዬ፣ ወንዶቹ ተረባርበው ዓይኔ እያየ ገደሉት። ጩኸቱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፣ ልጄ።»

አንጀቴን በሉት። ሰው ግትር ይላቸዋል እንጂ የሚፈሩት ለእሷው ነው።

«እሱ ቺምፓንዚ ነበር፤ እነዚህ ቦኖቦ ናቸው።»

«ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቀጠን ብለው ጸጉራቸውን መሃል ለመሃል መከፈላቸው? ሙሽራ ይመስል!»

ሐኪሟ ሳቋ አመለጣት። «ጠባያቸው ነው የሚለየው። ቺምፓንዚዎች ዘንድ አዛዡ ወንዱ ነው፤ ባዕድ ካገኙም አይምሩም። ቦኖቦዎች ዘንድ ግን ሴቶቹ ተባብረው ይመራሉ፤ ወንድ ጉልበተኛ ቢነሳ አብረው አደብ ያስገዙታል። ከእንግዳም ጋር ቢሆን ከጠብ ይልቅ መቀራረብ ይቀናቸዋል። እስቲ ልጠይቅዎ፣ ምግብ ለማን ያስቀድማሉ?»

«ለትልቁ ወንድ ነዋ!»

«ይበላዋል?»

«አሮጊቷ ቦኖቦ መጥታ ከእጁ ትወስድበታለች። እኔ እኮ ልፍስፍስ እያልኩ ስሰድበው ነው የኖርኩት!»

«ምስኪን! ወጉ ነው እንጂ ልፍስፍስ አይደለም። ደግሞ ዝም ብለን አንለቃትም። እሷና መንጋው በብረት ፍርግርጉ ሲተያዩ ከርመዋል፤ ማንም አልተቆጣትም። መጀመሪያ አሮጊቷ ብቻ ትግባ። ቢጣሉ በጎማ ውሃ ረጭተን እንለያቸዋለን።»

ሽማግሌው «እንግዲያው እኔው ልክፈት» ብለው በሩን ራሳቸው ሳቡት። አሮጊቷ ቦኖቦ ገብታ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ቀስ በቀስ ተጠግታም አዲሷን አቀፈቻት። አሮጊቷ በእጇ የያዘችውን ፓፓያ ስትገምጥ ያቺ እንቢተኛ እጇን ዘረጋች፤ አሮጊቷም አካፈለቻትና በላች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከወራት በኋላ ፓምፑን ልፈትሽ ተመልሼ ስሄድ አዲሷ ቦኖቦ በጣም ስለወፈረች እስኪያሳዩኝ ድረስ ከመንጋው መሃል ለይቼ ላገኛት አልቻልኩም። ለትልቁ ወንድ ማስቀደሙ ቀርቶ ምግቡ አሁን በየቦታው ስለሚቀመጥ ሽሚያ የለም። ሽማግሌው ለአዳዲስ ጠባቂዎች ሲያስተምሩ ሰማኋቸው፦

«መጀመሪያ ማን እንደሆነች እወቁ፤ ከዚያ ፍሩላት።»