በመጭመቂያው ግቢ በር ላይ ስለተሰቀሉት መጥረጊያዎች

የምስክር ቃል

ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ እንደሰፈረው፤ የሥራ ባልደረቦቹ «ጠርጥር» ይሉታል
ዕድሜ፦ 44
ሥራ፦ በሃይድሮጂን ማምረቻ ጣቢያ የመቆጣጠሪያ ክፍል ተረኛ ኃላፊ
አድራሻ፦ የጣቢያው ሠራተኞች መኖሪያ፣ ከውኃ ማጠራቀሚያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ ከረፋዱ፣ በምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ ማክሰኞ ዕለት በጣቢያው ሠራተኛ ላይ የደረሰ ቃጠሎ

እኔ ምስክሩ ማክሰኞ ዕለት በዚሁ ክፍል ቀርቤ ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃሌ ምክንያት የጋዝ መጭመቂያው መካኒክ፣ እኛ «ሞተሩ» የምንለው፣ ተይዞ ይገኛል። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ የመጣሁት ያንን ቃል ለማረም ነው። መርማሪው ያስፈራራኝ ሰው እንዳለ ጠይቆኛል። ማንም አላስፈራራኝም። በመርማሪው ቦታ ብሆን እኔም መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ጣቢያችን ከፀሐይና ከነፋስ በሚገኝ ኤሌክትሪክ ውኃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን ያወጣል። ጋዙ ተጨምቆ በቧንቧ ይሄዳል፤ ቧንቧው በቅርቡ ከጎረቤት አገሮች ጣቢያዎች ጋር ይገናኛል ተብሎ ሥራው እየተጠናቀቀ ነው። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም። ሲነድ ጭስ የለውም፣ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም። በዚህ ምክንያት በእኛ ዘንድ የቆየ አሠራር አለ። ጋዝ እንደሚያፈተልክ የሚያሳይ ምልክት ሲመጣ ወደ መጭመቂያው ግቢ የሚገባ ሰው እጀታው ረጅም የሆነ የሣር መጥረጊያ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ይራመዳል። ሣሩ ከተቀጣጠለ እሳቱ እዚያ ነው፤ ካልተቀጣጠለ መንገዱ ሰላም ነው። በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ መሣሪያም ተሰጥቶናል፤ ሠራተኛው ግን ከመሣሪያው ይልቅ መጥረጊያውን ያምናል። መጥረጊያዎቹ በግቢው በር ላይ በውጭ በኩል ተሰቅለው የሚኖሩ ሲሆን ጫፋቸው በጥላሸት የጠቆረ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የቧንቧውን ሥራ ለማየት ከጎረቤት አገሮች የመጡ እንግዶች ነበሩ። እኩለ ቀን አካባቢ ደርሰው ግቢውን ከበሩ ላይ ሆነው አዩ፤ ፎቶ ተነሡና ወደ አዳራሽ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ በሰሌዳዬ ላይ የሁለተኛው መጭመቂያ ጋዝ እንደሚያፈተልክ የሚያሳየው ምልክት በራ። ጋዙን ወዲያው ዘጋሁ፤ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ግን እስኪያልቅ ጊዜ ይወስዳል። በግቢው ተረኛ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ነው። የሚኖረው እኔ ቤት ነው፣ ወደዚህ ሥራ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። በሬዲዮ ገብቶ እንዲያይ አዘዝኩት። መጥረጊያ አውርዶ ሲገባ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ የመስኮት መስታወት አየሁት፤ መመርመሪያውን አልያዘም። ጓንት አድርጎ ነበር። መጥረጊያውን በመጭመቂያው ዙሪያ አወዛወዘ፣ ሣሩ አልተቀጣጠለም። ከጫፉ ነጭ ነገር ብን ሲል አይቻለሁ፤ አቧራ ነው ብዬ አለፍኩት። ወንድሜ በሬዲዮ «ሰላም ነው ጋሼ» አለኝና ተራመደ። ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ ልብሱ ሲነድ አየሁ።

ጎትቶ ያወጣው ሞተሩ ነው። እኔ ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሮጬ ስደርስ ወንድሜ መሬት ላይ ነበር፤ ደረቱና ቀኝ እጁ ተቃጥሏል። ወደ ሆስፒታል ከተወሰደ በኋላ መጥረጊያውን አነሣሁት። ሣሩ በሲባጎ የታሰረበት ቦታ ርጥብ ነበር፤ አቧራ ያልኩት ነገር እንፋሎት ኖሯል። አሸተትኩት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። አንድ ሰው ሆን ብሎ አርጥቦታል የሚል ሐሳብ ያደረብኝ በዚያ ቅጽበት ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ሁሉ ወደ ሞተሩ ያመለክት ጀመር። እሱና ወንድሜ በወደብ ለሚከፈተው አዲስ ጣቢያ ለአንድ የኃላፊነት ቦታ አመልክተዋል። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ወንድሜን «ይሄ መጥረጊያ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሃል» ብሎታል። ማክሰኞ ጠዋትም በግቢው በር አጠገብ ባለው ቧንቧ በሳሙና ሲታጠብ አይቼዋለሁ። መካኒክ መታጠቡ የሚያስገርም ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን አስገረመኝ። ከሁላችን ቀድሞ ወንድሜ ጋ መድረሱም አላማረኝም። በእጆቹ ላይ ያለው ቃጠሎ እንኳ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ይህን ሁሉ ለመርማሪው አንድ በአንድ አስመዘገብኩ። ወንድሜ ትናንት መናገር ሲችል ሞተሩ ሁልጊዜ «መመርመሪያውን ያዝ» እያለ ይጨቀጭቀው እንደነበር፣ ያ ንግግርም ከዚያው ጭቅጭቅ የመጣ እንደሆነ ነግሮኛል። እኔ ግን ወንድሜ የዋህ ስለሆነ ነው ብዬ አላመንኩትም።

ባለቤቴ የጣቢያው ቢሮዎችና አዳራሽ የጽዳት ኃላፊ ናት። ወደ መጭመቂያው ግቢ እንድትገባ አይፈቀድላትም። ወንድሜን ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ስትሆን የባሏ ወንድም ነውና «ዋርሳዬ» ትለዋለች፤ በስሙ የምትጠራው ስትቆጣ ብቻ ነው። እሱ ትንሽ ካሳለው እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። በዚህ ምክንያት ስለ እሳቱ ቤት ውስጥ እንዳይወራ ተስማምተን ነበር። ምን እንደምንሠራ ስትጠይቀን «ውኃ እንሰነጥቃለን» እንላታለን። እሷም «እንጨቱ አቅቷችሁ ውኃ ትሰነጥቃላችሁ» እያለች ትስቅብን ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከአስተዳደር የተላለፈውን ትእዛዝ የነገርኳት እኔ ነኝ። ነገ ካሜራ ይመጣልና የቆሸሸም ሆነ የጠቆረ ነገር እንዳይታይ የሚል ነው። ነግሬያት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ከዚያ በኋላ አላሰብኩትም።

ዛሬ ጠዋት በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን ሳለ ባለቤቴ «ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ሁሉ መጥረጊያው መጥረጊያው ይላል። መጥረጊያ ምን አደረገ?» አለችኝ። ስለማይታየው እሳትና ስለ አሠራራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርኳት። ይዛው የነበረውን ቴርሞስ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«በሩ ላይ የሚሰቀሉትን ነው?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«ጠቁረው ሳያቸው አሳፈሩኝ። ሰኞ አመሻሽ ላይ በሳሙና ዘፈዘፍኳቸው። እንግዶቹ ሊደርሱ ሲሉ አጥቤ ሰቀልኳቸው፤ እየተንጠባጠቡ ነበር።»

ቃሌ ሙሉ እንዲሆን ቀጥሎ ያደረግሁትንም እናገራለሁ። እሷንም ጠረጠርኳት። ሞተሩ አሳዝኗት እሱን ለማስፈታት የፈጠረችው ነው ብዬ በምን ሳሙና እንዳጠበቻቸው ጠየቅኋት። የለበስኩትን፣ እሷ ያጠበችውን ሸሚዝ እጅጌ ይዛ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። የመጥረጊያው ሽታ ነበር።

ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕንባዋን ጠርጋ «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለችኝ። ቀጥላም «ያ ሰውዬ እስካሁን እንደታሰረ ነው? በተቃጠለ እጁ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ወደዚህ የመጣነው አብረን ነው። አሁን ከዚህ ክፍል ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ወንድሜ ይህንን ገና አልሰማም፤ ራሷ ልትነግረው እንደምትፈልግ ገልጻልኛለች።

ስለሆነም ማክሰኞ በሞተሩ ላይ የሰጠሁት ቃል ከጥርጣሬ በስተቀር መሠረት የለውም። ንግግሩ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እጁ የተቃጠለው ወንድሜን ሲያወጣ ነው። ወንድሜ በሕይወት ያለው በእሱ ነው። እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ፤ ሲወጣም ፊት ለፊት ቆሜ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ቢሰድበኝም እሰማለሁ።

መርማሪው በመጨረሻ አሁን የምጠረጥረው ሰው እንዳለ ጠይቆኛል። የለም። ባለቤቴ መጥረጊያ አጠበች። መጥረጊያው ምን እንደሆነ ያልነገርናት እኛ ነን።

ከተናገርኩት የጎደለ እንዳይኖር ይህ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዲነበብልኝ አድርጌያለሁ። የጨመርኩት ሐሰት፣ ያስቀረሁት እውነት የለም፤ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ ተረድቼ እፈርማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ................
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ................

እርማት፦ ምስክሩ ከመፈረሙ በፊት «ያልነገርናት እኛ ነን» የሚለው «ያልነገርኳት እኔ ነኝ» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቋል። ምክንያቱን ሲጠየቅ ወንድሙ ሥራ በጀመረበት ሳምንት «ለእትዬ እንንገራት» ብሎት እንደነበረና እርሱ እንደከለከለው አስረድቷል። እርማቱ በፊቱ ተደርጎ ፈርሟል። ቀጣይዋ ምስክር ተጠርታ ገብታለች።